ስልኩ የእኔ፣ ቁልፉ የማን?

«ይሄ ስልክ ካርድ ይበላል» የሚለው አቤቱታ ለአርባ ምንጭ ሞባይል ጠጋኞች አዲስ አይደለም። ባለስልኩ ጠዋት ካርድ ይሞላል፤ ማታ ልደውል ሲል ሂሳቡ አልቆ ያገኘዋል። ጠጋኙ ስልኩን አገላብጦ ያይና «ዳታ ከፍተው ትተውት ነው» ይለዋል። ሰውየውም ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ጠጋኙ ልክ ነው። ልክ የሚሆነው ባለስልኩ የሆነበት ጊዜም ግን አለ፤ ለዚህም ማስረጃ ወጥቷል።

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ድርጅትና የዜና ድረ ገጹ በዝፊድ ኒውስ አንድ ምርመራ ይፋ አደረጉ። ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለ ርካሽ ስማርት ስልክ ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የሚባሉ አደገኛ ፕሮግራሞች ገና ስልኩ ከካርቶኑ ሳይወጣ ተጭነው መገኘታቸውን የሚገልጽ ነበር። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎቶች ደንበኛ ያደርጉታል፤ ገንዘቡ የሚቆረጠው ከሞላው ካርድ ላይ ነው። አፕስትሪም እንዲህ ዓይነት 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን ከ200 ሺህ በሚበልጡ ስልኮች ላይ መዝግቤአለሁ አለ። ችግሩ በብዛት ከታየባቸው አገሮች ተርታ ከካሜሩን፣ ከግብጽ፣ ከጋናና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ኢትዮጵያም ተጠቅሳለች። የቴክኖ አምራች የሆነው የቻይናው ትራንሽን ጥፋቱን ስሙን ባልጠቀሰው አንድ አቅራቢ ላይ አላከከ፤ ማስተካከያ መላኩንም ተናገረ።

ኤክስሄልፐር ደግሞ ስልኩ ፎርማት ቢደረግም ተመልሶ ራሱን የሚጭን ነው። የሩሲያው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ካስፐርስኪ በዚያው ዓመት እንዳብራራው፣ ፕሮግራሙ ተራ ተጠቃሚ ሊደርስበት በማይችለው የስልኩ ሲስተም ውስጥ ይሸሸጋል። ስለዚህ ስልኩ ካርድ በላብኝ ብሎ የመጣው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ፎርማት ያስደርጋል፤ ፎቶውን፣ የዘመድ ወዳጁን ስም ከነስልክ ቁጥሩ ያጣል፤ በሳምንቱ ካርዱ እንደገና መበላት ይጀምራል።

ያ ሞዴል ዛሬ ከገበያ ወጥቷል። ጉዳዩን የማነሳው ትራንሽን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ እየገጣጠመ ለአገራችን ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ስማርት ስልክ ያስጨበጠ ኩባንያ ስለሆነ፣ የኛም ሰው ሲያማርር የሚሰማው ስላላገኘ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን «ስልኩ ራሱ እየሰረቀኝ ነው» ሲሉ፣ «አላዋቂ» የሚል መልስ እየተሰጣቸው ኖረዋል ማለት ነው። ነገሩን ያወጣው የኛ ተቆጣጣሪ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ጋሞ ዞን ውስጥ ስልክ የወሬ ዕቃ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ከላንቴና ከጫኖ ሙዝ የሚጭነው ነጋዴ የአዲስ አበባን ዋጋ የሚጠይቀው፣ ሒሳቡን የሚቀበለው በስልክ ነው። ከዶርዜና ከጨንቻ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሸምነው ልጅ ለእናቱ ብር የሚልከው በስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሳፋሪኮምም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤም ፔሳን ሲያስከትል፣ ቀድሞ በአውቶቡስ ተሳፋሪ እጅ ይላክ የነበረው ገንዘብ በኪስ ውስጥ ባለች ቀፎ መመላለስ ጀመረ። በዚያ ላይ 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ መተግበሪያ፣ የልጆች ፎቶ፣ የቤተሰብ የድምፅ መልእክት አለ። ድሮ ስልክ የጠፋበት ሰው ያጣው ስልክ ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የያዘ ዕቃ ጌታው ማን ነው? ስለ ስልክ ምስጢራዊነት ስናወራ ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ መንግሥት ሰላዮችና ወደ ትልልቅ የአሜሪካና የቻይና ኩባንያዎች ነው። እነሱም አሉበት፤ እመለስባቸዋለሁ። እኔ ግን አብዛኛው የአርባ ምንጭ ሰው ስልኩን የሚያጣው ከዚያ በፊት፣ በገዛበት ደቂቃ፣ በሻጩ ባንኮኒ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ሲቀላ ካሉ ሞባይል ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ አዲስ ስልክ ሲሸጥ ማየት ይበቃል። ከገጠር የመጡ አዛውንት ብሩን ቆጥረው ይሰጣሉ። ልጁ ካርቶኑን ይከፍታል፤ የስክሪን መለጠፊያውን ይለጥፋል፤ ከቨሩን ያለብሳል፤ ስልኩን ያበራል።

«አባባ፣ ጂሜይል አለዎት?»

«እሱን አንተው አድርግልኝ ልጄ። እኔ ምኑን አውቄው።»

የልጁ አውራ ጣት ስክሪኑ ላይ ይሮጣል። የአዛውንቱን ስም ከቁጥር ጋር አገጣጥሞ አዲስ ጂሜይል ያወጣል። የማረጋገጫ ስልክ ሲጠየቅ የራሱን ቁጥር ያስገባል። የይለፍ ቃሉም ለደንበኛ ሁሉ የሚጠቀምበት ያው አንዱ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የስምምነት ገጽ ሲመጣ ሳያነበው «እስማማለሁ» የሚለውን ይነካል፤ ገጹ በአማርኛም ሆነ በጋሞኛ ቢሆን ያን ሰዓት የሚያነበው የለም። ከዚያ ዜንደርን ከፍቶ ቴሌግራሙን፣ ኢሞውን፣ ቲክቶኩን፣ ጥቂት መዝሙርና ዘፈንም ጨምሮ ከራሱ ስልክ ያሻግርላቸዋል። አዛውንቱ አመስግነው ይወጣሉ።

ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም። እንዲያውም ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል፤ ወረፋውም ረጅም ነው። የሆነውን ነገር ግን ልብ እንበል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ጂሜይል ማለት የቤቱ ዋና ቁልፍ ነው። ስሞቹና ፎቶዎቹ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ስልኩ ሲጠፋ የሚፈለገው፣ ከሩቅ የሚቆለፈው፣ የሚደመሰሰውም በዚያ ነው። ቤት አሠርቶ ቁልፉን አናጺው ኪስ ውስጥ ትቶ የሚገባ ሰው የለም። በስልክ ግን በየቀኑ እያደረግነው ነው። ሻጩ አንዱን ጂሜይል ለብዙ ደንበኛ ሲጠቀምበት ደግሞ የባሰ ይመጣል። የአንዱ ስም ዝርዝር በሌላው ስልክ ላይ ብቅ ይላል፤ የአንዷ ሙሽራ ፎቶ ወደማታውቀው ሰው አልበም ይገባል። ባለስልኮቹ «ምን ጉድ ነው» ይላሉ እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቁም።

ጉግል በ2015 እ.ኤ.አ. በአንድሮይድ ላይ አንድ መከላከያ ጨምሯል። ስልኩ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ፎርማት ከተደረገ፣ ሲበራ ቀድሞ የነበረውን ጂሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሌባ እንዳይጠቀምበት ነው። እኛ ዘንድ ግን መከላከያው የሚይዘው ባለቤቱን ነው። ፓተርኑ የጠፋበት ሰው ፎርማት ያስደርጋል፤ ስልኩ ጂሜይል ይጠይቀዋል፤ ጂሜይሉን የሚያውቀው የሸጠለት ልጅ ነው፤ ልጁ ሥራ ቀይሮ ወደ ሶዶ ወይም ወደ ሐዋሳ ሄዷል። ባለቤቱ የገዛ ስልኩን ለማስከፈት ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ይከፍላል። ጂሜይል የሚያስዘልል ጠጋኝ መገኘቱ ራሱ፣ ለተሰረቀ ስልክም ያው በር ክፍት ነው ማለት ነው። ስልክ የተሰረቀበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ከሩቅ ቆልፈው» ቢባልስ በየትኛው ጂሜይል ይቆልፈው?

ጥገናም ሌላ በር ነው። ስክሪን የተሰበረበት ሰው ስልኩን ከነፓተርኑ ያስረክባል፤ «ሠርቼ ልሞክረው» ስለሚባል። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ የካናዳው ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላፕቶፖችን ለ16 የጥገና ቤቶች ሰጥተው፣ ጠጋኙ የነካውን ሁሉ በስውር መዝግበው ነበር። ከ16ቱ ቤቶች በ6ቱ የግል ፋይል ተከፍቷል፤ በ2ቱ ደግሞ ተገልብጦ ተወስዷል። ጥናቱ ጥብቅ ሕግ ባለበት አገር የተደረገ ነው። እኛ ዘንድ በተለይ ሴት ልጅ ስልኳን አስረክባ ስትወጣ ምን እንደምታስረክብ እናውቃለን። ፎቶዋ እጅ በእጅ ሲዞር ተከሳሽ የምትሆነው እሷ ናት፤ «ምን ብላ ተነሣችው» ይባላል እንጂ «ማን ገለበጠው» የሚል አይሰማም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም። ሳምሰንግ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፎቶና መልእክቱን ሸፍኖ ጠጋኙ ስልኩን ብቻ እንዲሞክር የሚያደርግ «ሜንቴናንስ ሞድ» አስገብቷል። ስልካቸው ላይ ቢኖርም መኖሩን የማያውቁ ብዙ ናቸው።

ሲም ካርዱም ሌላ ቁልፍ ነው፤ ከጂሜይሉም የሚቀድምበት ጊዜ አለ። ቴሌግራም የሚገባው በስልክ ቁጥር በሚላክ ኮድ ነው። ስልክ የሰረቀ ሰው ፓተርኑን መክፈት ቢያቅተው እንኳ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ላይ ይሰካዋል፤ ኮዱ ይመጣለታል፤ በባለቤቱ ስም ለወንድም ለእህቱ «ቸግሮኛል፣ ትንሽ ብር ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። ደዋዩ አጭበርባሪ ደግሞ ሲሙን መስረቅም አያስፈልገው። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ሰዉ በትሕትና ያነብለታል። ለዚህ ሁለት ቀላል አጥሮች አሉ። አንደኛው ሲሙ ራሱ ላይ ፒን ማድረግ ነው፤ ሌላ ቀፎ ላይ ሲሰካ ቁጥር ይጠይቃል። ፒኑ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ በፑክ ካልሆነ አይከፈትምና የፑክ ቁጥሩ ያለበትን የሲም ማቀፊያ ካርድ አለመጣል ነው። ሌላው በቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል መጨመር ነው። ቴሌግራምን እንደ ምስጢር ሳጥን ለሚያዩትም አንድ ነገር ልጨምር፤ «ሲክሬት ቻት» ተብሎ ካልተከፈተ በቀር ተራው የቴሌግራም ጽሑፍ በኩባንያው ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ነው።

ወደ መንግሥት እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንም ሰው መኖሪያ፣ አካልና ንብረት ከመመርመር፣ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነትም ከመደፈር የተጠበቀ ነው ይላል። የቆየው አሠራራችን ከዚህ ጋር አልተስማማም። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ መሠራጨቱን፣ ትእዛዝ የሚቀበለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር እንደሆነ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የኢሳት ጋዜጠኞች በጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሶፍትዌር ዒላማ መሆናቸውን፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ ኩባንያ ምርት በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ ተቃዋሚዎች ላይ መዋሉን ይኸው ተቋም አወጣ። እነዚህ በየሰዉ ስልክ የሚገቡ አልነበሩም፤ ዋጋቸው ውድ፣ ዒላማቸውም የተመረጠ ነበር። ጥለውት ያለፉት ፍርሃት ግን ለሁሉም ደርሷል። ዛሬም ኬላ ላይ ስልኩን አምጣ የተባለ ወጣት ማዘዣ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ፓተርኑን ከፍቶ ይሰጣል።

ፍርሃቱን ለማስወገድ የሚያግዝ ሕግ አሁን አለን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጽድቋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ የማሳረምና የማሰረዝ መብት አለው። አዋጁ መውጣቱን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ሲጻፍ ግን በሐሳብ የነበሩት ባንኩ፣ ቴሌኮሙ፣ ሆስፒታሉና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ይመስሉኛል። የደንበኞቹን የይለፍ ቃል በአሮጌ ደብተር ላይ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠው ሞባይል ቤት ዘንድ የሚደርስ እጅ ከአዲስ አበባ አልተዘረጋም። አርባ ምንጭ ላይ ያለ ሰው ቢበደል አቤት የሚለው የትኛው በር ላይ ነው? ይህን መመለስ ያለበት ባለሥልጣኑ ነው፤ በየክልሉ፣ ቢቻል በየዞኑ የሚታይ መስኮት ያስፈልገዋል።

ስልክን የራስ አድርጎ የመቆየት ነገር ከምስጢርም ያለፈ ነው። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቀፎዎችን በመለያ ቁጥራቸው መመዝገብ ጀምሮ ነበር፤ *#06# ሲደወል የሚወጣው ቁጥር ማለት ነው። ያልተመዘገበ ቀፎ ከኔትወርኩ ይወጣል ተባለ። ዓላማው ኮንትሮባንድንና ስርቆትን መከላከል ነበር፤ አሠራሩም ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ። ለተሰረቀ ስልክ ጥቅሙን አልክድም። ሆኖም በገዛ ገንዘቡ ስልክ የገዛ ሰው፣ ኔትወርኩ «አላውቅህም» ካለው እጁ ላይ የቀረው ካሜራ ብቻ እንደሆነ ያኔ አይተናል።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። ሳፋሪኮምና ጉግል በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. በቀን 20 ሽልንግ የሚከፈልበት የዱቤ ስማርት ስልክ አወጡ። ክፍያው ሲቋረጥ ስልኩ ከሩቅ ይቆለፋል። ለድሃ ሰው ስማርት ስልክ ማስገኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን ቁልፉ ከሻጩ ዘንድ የሚቀር ስልክ ማለት ነው። አሠራሩ ወደኛ ሲስፋፋ በውሉ ላይ ስልኩ መቼ እንደሚቆለፍ፣ ሲቆለፍም አምቡላንስና ፖሊስ መጥራት እንደሚቻል፣ ዕዳው ያለቀ ዕለት መቆለፊያው ከስልኩ ፈጽሞ እንደሚነቀል ሰዉ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።

ጉግልም በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. አዲስ ደንብ አስታውቋል። ማንነቱን ለጉግል ያላስመዘገበ ሰው የሠራው መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ እንዳይጫን ይደረጋል፤ በ2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ተጀምሮ ከ2027 ወዲህ በሌላው ዓለም ይቀጥላል። ኋላ ላይ አደጋውን አውቆ መጫን ለሚፈልግ መውጫ አበጃለሁ ብሏል። ለኛ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው መተግበሪያ ብዙ ቫይረስ ያመላልሳል፤ መገደቡ የሚጠብቀው ሰው አለ። በሌላ በኩል አንድ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለሙዝ አምራቾች የዋጋ ማሳወቂያ ሠርቶ ላንቴ ላለ አጎቱ በሜሞሪ ካርድ ሊሰጠው ቢፈልግ፣ ደንቡ እኛ ዘንድ ሲደርስ ተማሪው ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ ዘንድ ካልተመዘገበ፣ አጎትየው በገዛ ስልኩ ላይ ለመጫን ያው ኩባንያ ባበጀው መውጫ ማለፍ ይኖርበታል። ስልኩን የገዛው አጎትየው ነው፤ የመጨረሻው ቃልም የሱ መሆን አለበት እላለሁ።

የጉግልን ደንብ ከአርባ ምንጭ ሆኖ መለወጥ አይቻልም። የሻጩ ባንኮኒ ግን ቅርብ ነው። የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለሞባይል ቤቶች ፈቃድ ሲያድስ ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላል፦ ጂሜይል በደንበኛው ቁጥር ብቻ እንዲከፈት፣ የይለፍ ቃሉን ደንበኛው ራሱ እንዲጽፍ፣ ለጥገና የገባ ስልክም በደረሰኝ እንዲገባና እንዲወጣ። ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተርና የሶፍትዌር ተማሪዎች አሉት፤ በገበያ ቀን ሲቀላና ሴቻ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው በጋሞኛና በአማርኛ ቢያስተምሩ ከብዙ ወርክሾፕ ይበልጣል። ሻጮቹን ግን ማሳደድ የለብንም። ዞኑ ውስጥ ከነሱ የበለጠ ሰዉ የሚያምነው የስልክ አስተማሪ የለም፤ ሥልጠናው ከነሱ ይጀምር።

እስከዚያው ስልክዎን ሻጭ ያስጀመረልዎ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ጉግል» የሚለውን ይክፈቱ። ከስምዎ ሥር የተጻፈውን ጂሜይል ወረቀት ላይ ይገልብጡ። «ማኔጅ ዩር ጉግል አካውንት» የሚለውን ነክተው፣ «ሴኩሪቲ» በሚለው ውስጥ የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ይመልከቱ፤ የእርስዎ ካልሆነ ወደራስዎ ይቀይሩት። የይለፍ ቃሉንም ይለውጡ። የቀድሞውን ካላወቁት ወደ ሻጩ ሄደው ይጠይቁት፤ አዲሱን ሲጽፉ ግን እሱ እንዳያይ ዞር ብለው ይጻፉ። ከዚያም «ዩር ዲቫይስስ» የሚለውን ነክተው በጂሜይልዎ የተከፈቱትን ስልኮች ዝርዝር ይዩ። ከእጅዎ ካለው በቀር ሌላ የማያውቁት ስልክ ካለ «ሳይን አውት» ብለው ያስወጡት።